የሰኞ ወሬ፣ የአርብ ዜና

እኛ ተማሪ በነበርንበት ዘመን የአዲሱ ገበያ ልጅ ሰኞ ጠዋት ትምህርት ቤት ሲሄድ ከደብተሩ ሌላ ወሬም ይዞ ነበር የሚሄደው። ቅዳሜና እሑድ በሰፈሩ የሆነው ሁሉ፣ የወለደችው፣ የሞተው፣ አልጋ የያዘው፣ ከክፍለ ሀገር የመጣው እንግዳ፣ በስም ጥሪ ሰዓት መምህራችን ጆሮ ይደርሳል። አርብ ከሰዓት ደግሞ ሰንደቅ ዓላማው ሲወርድ የትምህርት ቤቱ ዜና በተራው በእኛ አፍ ወደየቤታችን ይበተናል። ስልክ ያለው ቤት በጣት የሚቆጠር ነበር፤ ጋዜጣም ሰፈራችን የሚደርሰው ስኳርና ቡና ተጠቅልሎበት ነው። እንዲያም ሆኖ ትምህርት ቤቱ ስለ ቤተሰቦቻችን፣ ቤተሰቦቻችንም ስለ ትምህርት ቤቱ የማያውቁት ነገር አልነበረም ብል ብዙም አላጋነንኩ።

አንደኛ ክፍል የገባሁት በ1977 ነው። አዲሱ ገበያ ያኔም እንደ ዛሬው የከተማዋ የሰሜን መውጫ ነበር። ወደ ሱሉልታ፣ ወደ ፍቼና ወደ ጎጃም የሚሄደው መኪና በእኛ በኩል ያልፋል፤ ከእንጦጦ ጭራሮና ቅጠል የተሸከሙ ሴቶች ጎንበስ ብለው ይወርዳሉ፤ ከሱሉልታ እህል የጫኑ አህዮች ይመጣሉ፤ ከወደ ቀጨኔ ደግሞ ሸክላ ሠሪዎቹ ጀበናና ምጣዳቸውን ይዘው ይደርሳሉ። ትምህርት ቤታችን ከዚህ ግርግር ገባ ብሎ በባሕር ዛፍ የታጠረ ትንሽ የቀበሌ ትምህርት ቤት ነበር። ግድግዳው ጭቃ፣ ክዳኑ ቆርቆሮ። ዝናብ ሲጥል የመምህሩ ድምፅ ስለማይሰማ ትምህርቱ ራሱ ይቆማል፤ እኛም ዝናቡ እንዳያባራ እንጸልያለን። ክፍል ስለማይበቃ በፈረቃ ነበር የምንማረው፤ አንዱ ዴስክ ላይ ጠዋት አንድ ልጅ፣ ከሰዓት ሌላ ልጅ ይቀመጥበታል። ከሰዓት ከሚቀመጥበት ልጅ ጋር ሳንተያይ በዴስኩ ላይ በእስክርቢቶ ስንሰዳደብ ዓመቱን የጨረስን አለን።

ስም ጠሪያችን እትዬ ነበሩ። ያኔ ሴቷን መምህር እትዬ፣ ወንዱን ጋሼ ነበር የምንለው። እትዬ ሰኞ ጠዋት መዝገባቸውን ዘርግተው ስም ሲጠሩ ከስሙ በኋላ የሚመጣው ጥያቄ ነበር ዋናው ነገር።

«አርብ ለምን ቀረህ?»

«እናቴ ወልዳ፣ እትዬ።»

«እሰይ! ምን ወለደች?»

«ወንድ።»

«ገንፎውንስ በላህ?»

ክፍሉ በሳቅ ይሞላል። እትዬ ግን እየሳቁም ይጽፋሉ። ከመዝገቡ ሌላ ጫፉ የተጠቀለለ አሮጌ ደብተር ነበራቸውና እዚያ ላይ ነው የሚጽፉት። ሳምንቱ ሳያልቅ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ትንሽ ነገር በወረቀት ጠቅልለው፣ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ለማለት ልጁን መንገድ መሪ አድርገው ይሄዳሉ። እዚያ ቤት ቁጭ ብለው ከአራሷ ጋር ሲጫወቱ የልጁም ነገር አብሮ ይነሳል፤ ሂሳብ እንደሚከብደው፣ ዓይኑ ሰሌዳውን በደንብ እንደማያይ፣ ከፊት ወንበር ቢቀመጥ እንደሚሻል። የዚህ ዘመን ትምህርት ቤት የወላጆች ስብሰባ ጠርቶ፣ ፕሮጀክተር ተክሎ የሚያደርገውን እትዬ በገንፎ ሰበብ ይጨርሱት ነበር።

ሌላው መልስ «እንጦጦ ሄጄ» ነው። ይህን የሚሉት አብዛኛውን ጊዜ ሴቶቹ ናቸው። ጎህ ሳይቀድ ከእናታቸው ጋር ቅጠል ሊጠርጉ ይወጣሉ፤ የደኑ ጥበቃ ገመዳቸውን ከነጠቃቸው ደግሞ ገመድ ሲለምኑ ስለሚረፍድ የጠዋቱ ፈረቃ ያልፋቸዋል። እትዬ ለነዚህ «ቀሪ» ብለው አይጽፉም፤ እርሳሱን ከንፈራቸው ላይ አድርገው ትንሽ ያስቡና ወደሚቀጥለው ስም ያልፋሉ። በገበያ ቀን ክፍሉ በግማሽ የሚሳሳውም በዚሁ ነበር። ወንዶቹ ሸክም ሊሸከሙ፣ ወይም እናት ጉሊት ስትዘረጋ ታናሽ ሊጠብቁ ይቀራሉ። ይህ ሁሉ በየትኛውም ሪፖርት ላይ አልሰፈረም ይሆናል። እትዬ ግን የማን ቤት በምን እንደሚተዳደር፣ የማን አባት ጠላ ቤት እንደሚያመሽ፣ ማን ቁርስ ሳይበላ እንደሚመጣ ያውቁ ነበር፤ የነገርናቸውም እኛው ነን።

የአርቡ ዜና መልኩ ሌላ ነው። ሰልፍ ሜዳው ላይ እንሰለፋለን፤ ዩኒት ሊደሩ ድምፅ ማጉያ ስለሌለ እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ያነባሉ። የሰኞ ተረኛ ጽዳት የትኛው ክፍል እንደሆነ፣ መዋጮ ያላስገቡት እነማን እንደሆኑ፣ በኳስ ማን ማንን እንደረታ፣ የጠፋ ደብተርና የተገኘ ጫማ። አንድ እግር ጫማ ብዙ ጊዜ ይገኝ ነበር፤ አንድ እግሩን ጥሎ ቤቱ የሚሄድ ልጅ እንዴት ያለ እንደሆነ እስከ ዛሬ አልገባኝም። ከቢሮው ደጃፍ ደግሞ የግድግዳ ጋዜጣ ነበረን። ጽሕፈቱ የሚያምር ልጅ ይመረጥና በትልቅ ወረቀት ላይ በቀለም ይጽፋል፤ ከላይ የዘመኑ መፈክር፣ መሃሉ ላይ ስለ ንጽሕና የሚመክር ጽሑፍ፣ ከታች ግጥም። ከላይ ያለውን ማንም አያነበውም። ከታች ያለው ግጥም ግን፣ ስለ ማን እንደተገጠመ ሁላችንም ስለምናውቅ፣ አርብ ሳይደርስ በቃላችን ይዘነዋል።

ነገሩ ከበድ ሲል ወረቀት ይሰጠናል። በታይፕ ተመትቶ፣ በስቴንስል ተባዝቶ፣ ቀለሙ ገና ሳይደርቅ የሚታደል ወረቀት ነው። ሽታው እስካሁን አፍንጫዬ ውስጥ አለ። «ለተማሪ ወላጅ» ብሎ ይጀምራል፤ የወላጁ ስም የሚጻፍበት ቦታ በነጠብጣብ ይተዋል፤ ከግርጌው ማህተም። በ1977 ድርቅ ጊዜ ለተጎዱ ወገኖች መዋጮ የጠየቀው በዚህ ነበር። በ1981 ማጅራት ገትር አገሪቱን ሲያምስ የክትባቱን ቀን የነገረንም በዚሁ ወረቀት ነው። ያን ጊዜ ወረቀቱን ቤት ሳላደርስ ቀርቼ ቢሆን ብዬ አንዳንዴ አስባለሁ፤ የአንድ ሰፈር ጤና በአሥር ዓመት ልጅ ኪስ ውስጥ ተጣጥፎ ይጓዝ ነበር ማለት ነው።

እዚህ ላይ ነው እናቶቻችን የሚገቡት። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሐምሌ 1 ቀን 1971 ሲጀመር በየቀበሌው ጣቢያ ተከፍቶ ነበር፤ አገሪቱም በዓመቱ በዩኔስኮ በኩል በዓለም አቀፍ ደረጃ ተሸልማበታለች። ሽልማቱ እኛ ሰፈር የደረሰው በእናቴ ሰርተፊኬት መልክ ነው፤ ከቅዱስ ገብርኤል ሥዕል ጎን ተሰቅሎ ነበር። እናቴ ማንበብ ትችላለች ማለት ነው። እንዲያም ሆኖ የአርቡን ወረቀት ስሰጣት «ዓይኔን አሞኛል፣ እስቲ አንብብልኝ» ትላለች። ቡና ተፈልቶ፣ ጎረቤት ተሰብስቦ፣ እኔ ቆሜ አነባለሁ። የማይገባኝ ቃል ሲመጣ ዝም ብዬ ስቆም አንዷ ጎረቤት ትገምታለች፣ ሌላዋ ታርማለች፣ እናቴ ደግሞ ጀበናውን ሳትለቅ ትክክለኛውን ቃል ከሩቅ ታቀብለኛለች። ዓይኗን እንዳላመማት የገባኝ ካደግሁ በኋላ ነው። ወረቀቱን ከኪሴ አውጥታ ቀደም ብላ ታነበው ነበር። የምታስነብበኝ ንባቤን ልትሰማ፣ ጎረቤትም እንዲሰማላት ነው። አንደኛ፣ ሁለተኛ እየተባለ በሚወዳደር ሰፈር ውስጥ ልጅን በቡና ላይ ማስነበብ ትንሽ ጉራም ነበረበት፤ አልፈርድባትም።

ከእኛ ቤት ቀጥሎ ከጋሞ የመጡ ሸማኔ ነበሩ። ልጃቸው ከእኔ ጋር አንድ ክፍል ነው፤ ከትምህርት ሲመለስ ቀሰም ያጠነጥንላቸዋል፤ እሳቸው እግራቸውን ጉድጓዱ ውስጥ ሰድደው ይሠራሉ። አንድ አርብ ወረቀቱ ላይ ከሌላው ዜና በተጨማሪ «ልጅዎ በተደጋጋሚ በማርፈዱ ወላጅ ይዞ እንዲቀርብ» የሚል በእጅ የተጻፈ መስመር ነበረበት። ጓደኛዬ ስለ ጽዳቱና ስለ መዋጮው አነበበና ወረቀቱን አጠፈ። አባቱ ፊደል አልቆጠሩም፤ ግን ሲሸምኑ የኖሩ ሰው ናቸውና ክር መቁጠር ያውቃሉ። መወርወሪያውን አቆሙና «ና እስቲ ወደዚህ፤ ወረቀቱ ላይ ያለው ብዙ ነው፣ ያነበብከው ትንሽ ነው» አሉት። ልጁም «የቀረው ማህተም ነው» አለ። «ማህተም በእጅ ይጻፋል እንዴ?» አሉና እኔን ጠሩኝ። ጓደኛዬን ላለማስመታት ብዬ የማደርገው ጠፍቶኝ ሳል ጀመርኩ። ሳሌን ጨርሼ ሳነብ ግን ልጁ አልተመታም። ሰኞ ጠዋት ሸማኔው ጋቢያቸውን ደርበው ትምህርት ቤት ሄዱ፤ እትዬ ፊት ቆመው «የሚያረፍደው እኔ ክር ሳስጠነጥነው ነው፤ ጥፋቱ የእኔ ነው» አሉ።

ሁሉም ግን እንደ እሳቸው አልነበረም። «ወላጅ አምጣ» የተባለ ሌላ ልጅ ከገበያው አንድ እንጨት ሻጭ ለምኖ አጎቴ ነው ብሎ አመጣ። ሰውየው ስለ ልጁ ጠባይ ሲጠየቅ ከመጠን በላይ ተቆጣ፤ እዚያው በጥፊ ሊመታው ሲነሳ መምህራኑ ያዙት። የልጁን ስም ሲጠየቅ ግን አያውቅም።

ከሳቁ ጎን መነገር የማይችል የቤተሰብ ዜናም ነበር። በ1975 የብሔራዊ ውትድርና አገልግሎት ከታወጀ ወዲህ ታላላቅ ወንድሞች ይሄዳሉ፤ አንዳንዱ ቤት አባትም ዘምቷል። መጀመሪያ ላይ እትዬ «ወንድምህ ጻፈ?» ብለው ሰኞ ሰኞ ይጠይቁ ነበር። ደብዳቤ የመጣለት ልጅ ቀና ብሎ ይናገራል፤ ከየት እንደተጻፈ አይታወቅም፣ አድራሻው ቁጥር ብቻ ነው። ቀስ በቀስ ጥያቄው እየቀረ ሄደ። አንድ ሰኞ የኋላ ወንበር ላይ የሚቀመጥ ልጅ ሲጠራ ዝም አለ። «አለህ ወይስ የለህም?» ሲሉት «አለሁ» አለና ደገመው፣ «እኔ አለሁ።» እትዬ መዝገቡን ዘጉ። ከዚያ በኋላ ስለ ዘማች ጠይቀው አያውቁም። የመርዶ ሥርዓት የራሱ ሰዓት አለውና፣ ሌሊት ዘመድ ተሰብስቦ በር ሲያንኳኳ ቀድመው የሰሙት ጎረቤቶች ነበሩ፤ ጎረቤቱ ደግሞ ተማሪ ልጅ አለው። ስለዚህ ለቅሶ ደራሹ የትምህርት ቤት ሰልፍ አንዳንዴ ልጁ ከእንቅልፉ ነቅቶ ነገሩ ሳይገባው በፊት ይደርሳል። ሳንቲም አዋጥተን፣ እትዬ በመሐረብ ቋጥረው ይዘው፣ ሁለት ሁለት ሆነን እንሄዳለን። ያ ቋጠሮ በአርቡ ንባብ ላይ ተነግሮ አያውቅም። በግድግዳ ጋዜጣውም አልተጻፈም። ትምህርት ቤቱ ያለምንም ደንብ ሁለት ዓይነት ዜና እንዳለው ያውቅ ነበር፤ በሰልፍ የሚነገርና በእግር የሚሄድ።

ግንቦት 8 ቀን 1981 የጄኔራሎቹ መፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ሲደረግ ከተማው ተተራመሰ። ቤት ውስጥ ሁሉም ሬዲዮ ላይ ተጥዶ፣ ድምፅ ቀንሶ ያዳምጣል። በዚያ ሳምንት የተነበበልን ግን ስለ መጻሕፍት መመለስና ስለ ፈተና ነው። ሰኞ ዕለት ወሬ የያዘ ልጅ አልነበረም፤ ሁላችንም ቤት «አፍህን ያዝ» ተብለን ነው የመጣነው። የሰኞው ስም ጥሪ ያን ያህል በፍጥነት ሲያልቅ አላየሁም።

ሰኔ 30 የዓመቱ ማጠቃለያ ነበር። ካርድ ይሰጣል፣ አንደኛ የወጣ ደብተር ይሸለማል፣ ድራማ ይታያል፤ ዓመቱን ሙሉ «ሰኔ 30 እንገናኝ» ሲባባሉ የከረሙት ደግሞ ከአጥሩ ውጭ ይገናኛሉ። የስድስተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ውጤት ሲመጣ ዝርዝሩ ቢሮው ግድግዳ ላይ ይለጠፋል፤ ወላጅም ተማሪም አብሮ ይጋፋል፤ የማን ልጅ እንደወደቀ ቤት ሳይደርሱ ይታወቃል። ይህ ጭካኔ ነበር፤ ትዝታ ስለሆነ ብቻ ላሞግሰው አልፈልግም። ስሙን ከዝርዝሩ ያጣ ልጅ በገበያው መሃል አቋርጦ ቤቱ ሲሄድ ጉሊቷ ሁሉ ታየው ነበር።

ከ1983 በኋላ ነገሮች ተለወጡ። በ1986 የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲው ወጣ፣ አንደኛ ደረጃ እስከ ስምንተኛ ሆነ፤ የግል ትምህርት ቤቶችም እንደገና በየመንደሩ ተከፈቱ። ከእነሱ ጋር «ኮሙኒኬሽን ቡክ» የሚባል ደብተር መጣ። መምህሯ ትጽፋለች፣ ወላጅ ይፈርማል፤ ልጁ ተሸካሚ ብቻ ነው። የእህቴ ልጅ ደብተር ላይ ለሳምንታት ያየሁት «ጥፍሯ ይቆረጥ» የሚል ነበር። ቢሆንም ወረቀት ነው፤ ልጅ ይዞት ይመጣል፤ ወላጅ ሲያነብ ልጅ ፊቱን ያያል።

መጋቢት 7 ቀን 2012 በኮቪድ ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ ደብተሩም አበቃለት። ሁሉም ቴሌግራም ላይ ገባ። ትምህርት ቤቶች ከተከፈቱም በኋላ ግሩፑ አልተዘጋም። የልጄ ክፍል ግሩፕ ውስጥ እኔም አለሁ። አርብ ማታ የሳምንቱ ዜና ይለቀቃል፤ የሚቀጥለው ሳምንት ፈተና፣ ወርክሺት በፎቶ፣ የክፍያ ማስታወሻ፣ ከዚያ «እናመሰግናለን ሚስ» የሚል የእናቶች መልስና የተጣመሩ እጆች ምልክት መዓት። ልጄ ስለ ራሷ የተጻፈውን የምትሰማው ከእኔ ነው። «ሚስ ምን አለች?» ትለኛለች፤ እኛ በዚያ ዕድሜ ትምህርት ቤቱ ምን አለ ተብለን የምንጠየቅ ነበርን። በሰፈራችን የመንግሥት ትምህርት ቤት ግን በአንድ ነገር እቀናለሁ፤ ከ2012 ወዲህ ልጆቹ ቁርስና ምሳ እዚያው ይበላሉ። የሚያበስሉት መጋቢ እናቶችም ወሬውን በጠዋቱ ይዘው ይገባሉና፣ እትዬ ቁርስ ሳይበላ የመጣውን ልጅ ለይተው የሚያውቁበት ያ አሮጌ ደብተር ምናልባት አሁን ከወጥ ቤቱ በኩል ይገኝ ይሆናል።

ባለፈው ሰሞን በልጄ ክፍል ግሩፕ ውስጥ አንዲት አያት የድምፅ መልእክት ላኩ። ስልኩ የልጃቸው ነው፤ እንዴት እንደሚጠቀሙበት ያሳየቻቸው የልጅ ልጃቸው ሳትሆን አትቀርም። «የእገሊት እናት በሰላም ተገላገለች፣ ሴት ልጅ፤ የትምህርት ቤት ሰዎች እንዳታዝኑብን፣ ልጅቷ ሰኞ ትቀራለች» አሉ። ከኋላቸው ዕልልታ ይሰማል። ብዙም ሳይቆይ መልእክቱ ተሰረዘና ከአስተዳዳሪው ማስታወሻ መጣ፤ ከትምህርት ጉዳይ ውጭ በዚህ ግሩፕ መለጠፍ ክልክል ነው። ሕግ ነው፤ የወላጅ ሁሉ ወሬ ቢለጠፍ የፈተናው ፕሮግራም የት ይገኛል።

እናቶቹ በማግሥቱ ሌላ ግሩፕ ከፈቱ። ትምህርት ቤቱ የለበትም፤ ወለደች፣ ሞተ፣ ታመመ፣ ሠራተኛ ጠፋችብኝ፣ ጤፍ ከጎጃም የሚያስመጣ ማን ነው፣ ሁሉም እዚያ ነው። ለአራሷም ተዋጥቶ ተሄደ። አሁን ከዋናው ግሩፕ ይልቅ እዚህኛው ይደምቃል። በቀደም የአባላቱን ስም ስመለከት አንድ አዲስ ስልክ ገብቷል። ሚስ ናት። ፎቶዋን አውጥታ አበባ ለጥፋበታለች፤ የጻፈችውም አንድ መስመር ብቻ ነው፤ «ሕፃኗ ስሟ ማን ተባለ?»